እምቢ እንዲሉኝ የለመንኳቸው ሴት

ደመወዝ እጄ ላይ አይበረክትም። ባንክ ያስገባሁትንም ቢሆን አልጋዬ ላይ ተጋድሜ በስልኬ እጨርሰዋለሁ። በመጨረሻ አንድ ዘዴ መጣልኝ። ሽሮ ሜዳ ጋቢ የሚነግዱት ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ጋ ሄድኩና፣ «በየወሩ የምሰጥዎትን ያስቀምጡልኝ። ፋሲካ ሳይደርስ ግን ምንም ብልዎት እንዳይሰጡኝ» አልኳቸው።

«ብታለቅስስ?»

«ባለቅስም።»

ጾሙ ሳይጋመስ አዲሱ ገበያ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን በቅናሽ ሲሸጥ አየሁ። ፊቴን አጠውልጌ እትዬ ዘነበች ቤት ገባሁና አሞኛል፣ መታከሚያ ያስፈልገኛል አልኳቸው። ግንባሬን ዳሰሱኝ። አጥሚት ሠርተው አጠጡኝ፤ ከሚሸጡት ጋቢ አንዱን ደረቡልኝና «ላብ ሲወጣህ ይሻልሃል» አሉኝ። በዚያ ሙቀት ላቤ እስኪንጠፈጠፍ ተቀመጥኩ። የገንዘቡን ነገር ግን አላነሱትም።

በማግስቱ ሽማግሌ ላክሁባቸው፤ የዕድራችንን ሰብሳቢ ጋሽ በላይንና የሰፈራችንን ባለሱቅ ሀጂ ኑሪን። ለገዛ ገንዘቤ ሽማግሌ መላኬ አሳፍሮኝ እኔ ውጭ በር ላይ ቀረሁ። እነሱም ገብተው ቆዩ። በመሃል ሳቅ ስሰማ፣ በቃ ተሳካ ብዬ ቴሌቪዥኑን የት እንደማስቀምጠው ማሰብ ጀመርኩ።

ሲወጡ ጋሽ በላይ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

«እሺ አሉ?» አልኳቸው።

«በጭራሽ። ቃል አስገብቶኛል ብለው እምቢ አሉ።»

«ታዲያ ይህን ያህል ምን አቆያችሁ?»

ሁለቱ ተያዩ። ሀጂ ኑሪ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እንዲህ እምቢ ማለት የሚችል ሰው ከየት ይገኛል? እኛም በኪሳችን የነበረውን ሰጥተናቸው መጣን» አሉኝ።