አረንጓዴው ዕጣ

ነገሩ የሆነው ባለፈው የዝናብ ወቅት፣ እዚሁ ናይሮቢ ነው። ከአእምሮዬ ያልወጣው ትልቅ ነገር ሆኖ ሳይሆን፣ ሳስበው ሳስበው ስለማይገባኝ ነው። ምናልባት ከአንባቢ መሐል የሚገባው ይኖር ይሆናል። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ብሳሳት ይቅርታ ይደረግልኝ።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጥሎኝ ሄደ። ጋደም እላለሁ፣ ዓይኔ ግን አይከደንም። ኪኒን ቢሰጡኝ ራሴን አዞረኝ። አንድ ቀን ካሳራኒ ሰፈር ከማታቱ፣ ከዚህ አገር ሚኒባስ ታክሲ፣ ስወርድ እንደ ሰካራም ተንገዳግጄ አስፋልት ላይ ወደቅኩ። ልጄ ሰላማዊት ያን ቀን በጣም ደነገጠች።

ዌስትላንድስ ሰፈር ስላለው ጥናት የሰማችው እሷ ናት። ዶክተር ሚና የምትባል፣ ዘሯ ከሕንድ የሆነ ኬንያዊት፣ ዮጋ ለአረጋውያን እንቅልፍ ይረዳ እንደሆነ ታጠናለች አለችኝ።

«ዮጋ? እሱ የእነሱ ጸሎት አይደለም እንዴ?» አልኳት።

«አባዬ ደግሞ! ሪሰርች ነው እኮ። ጀስት ኤክሰርሳይዝ!»

ኢምባካሲ ያለው ሥራዋ ረፍዶባት ስለነበር በር ላይ አድርሳኝ ሄደች። ዶክተሯ በስዋሂሊ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። የእኔ ስዋሂሊ የገበያ ነው፤ ዋጋ ለመከራከር እንጂ ለጥናት አይበቃም። ግን ሰው ያን ያህል እየደከመልኝ «አልገባኝም» ማለት ነውር መሰለኝ። አዎ፣ አዎ እያልኩ ራሴን ነቀነቅኩ። ከዚያ ከቆርቆሮ ውስጥ ዕጣ አወጣን። ለእኔ አረንጓዴ ደረሰኝ።

ቢጫ የደረሳቸው ምንጣፍ የተነጠፈበት ክፍል ገቡ። እኛ አረንጓዴዎቹ ወንበር ያለበት ክፍል ገባን። ሐሙስ ሐሙስ አንዲት ወጣት ስለ ምግብና ስለ እንቅልፍ ታነብልናለች፤ ዝንጅብል ሻይ እንጠጣለን፤ ከዚያ እርስ በርስ እንጫወታለን። እኔ እንደ ትምህርት ቤት መሰለኝ። እኛ ገና አንደኛ ክፍል ነን፣ ስንጎብዝ ወደ ምንጣፉ እንዛወራለን ብዬ ደመደምኩ። በበሩ ክፍተት ሲተጣጠፉ ሳያቸውማ፣ እዚያው አንደኛ ክፍል ደግሜ ደግሜ በወደቅኩ እል ነበር።

አጠገቤ የምትቀመጠው ማማ ንጄሪ ጊቱራይ ገበያ ቲማቲም ትሸጣለች። እሷም ባሏን ቀብራለች።

«ምዜ፣ ሚስትህ ታንኮራፋ ነበር?» አለችኝ አንድ ሐሙስ። ምዜ እዚህ አገር ሽማግሌ የሚከበርበት ስም ነው።

«ኧረ እሷስ አታንኮራፋም!»

«የእኔው ዳገት እንደያዘ የጭነት መኪና ነበር። አሁን የሚቀሰቅሰኝ ዝምታው ነው።»

ሳቅኩ። ሳቄ ሳያልቅ እንባዬ መጣ። ስለ ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ያወራሁት ያን ቀን ነው።

እንቅልፌ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ደስ ብሎኝ ለወዳጄ ለበቀለ ዮጋ መጀመሬን ብነግረው፣ የጎረሰውን ሳይውጥ አፈጠጠብኝ።

«በስተርጅና ለፀሐይ ልትሰግድ? አንተ ሰውዬ፣ ነገ ደግሞ ግንባርህን ቀለም ተቀብተህ ትመጣለህ!»

እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። ንስሐ አባቴን ልጠይቅ አሰብኩ። ግን «ተው» ካሉኝስ? እንቅልፌን ገና ማግኘቴ ነው። ሳልጠይቅ መቅደስ መግባትም ድፍረት ሆነብኝ። ስለዚህ መሐሉን ያዝኩ። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ከበሩ ግን አልገባም። ጋቢዬን ተከናንቤ፣ ዝናቡ እየወረደብኝ፣ ከቅጥሩ ውጭ አስቀድሳለሁ። በቀለ «ምን ሆነህ ነው?» ሲለኝ «እዚህ አየር አለ» እለዋለሁ።

ጥናቱ ሲያልቅ ዶክተር ሚና አስጠራችኝ።

«ምዜ፣ እንቅልፍዎ በጣም ተሻሽሏል። አሁን ከፈለጉ ዮጋውን እናስተምርዎታለን።»

«እስካሁን የተማርኩትስ?»

«እሱ ዮጋ አይደለም። ዮጋ ከሠሩት ጋር ልናስተያያችሁ ነው እናንተን ወንበር ላይ ያስቀመጥናችሁ። የመጀመሪያ ቀን ነግሬዎት፣ አዎ ብለውኛል እኮ!»

ያን ሁሉ እሁድ የወረደብኝ ዝናብ አሁን ገና የበረደኝ መሰለኝ። «ታዲያ እኔን ምን አስተኛኝ?» አልኳት።

መነጽሯን አወለቀች። «እሱን እኔም እየፈለግሁ ነው» አለች።

በማግስቱ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ያልሠራሁትን ኃጢአት እንዴት እንደምናዘዝ ስለጨነቀኝ ከሥሩ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«እንግዲያ ሻይ ጠጥተህ ነው ዝናብ ላይ የቆምከው?»

«አዎ፣ አባቴ።»

ሳቃቸው አመለጣቸው። «ግባ፣ ግባ። ለወደፊቱ ግን አስቀድመህ ጠይቅ» አሉኝ።

«እውነተኛውን ዮጋስ ልማር ወይ?» የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ለዶክተሯም እስከዛሬ መልስ አልሰጠኋትም።

አሁን እተኛለሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሻዩ ይሁን፣ የልጅቷ ንባብ ይሁን፣ የማማ ንጄሪ ጨዋታ ይሁን፣ ያ ከቅጥሩ ውጭ የጸለይኩት ይሁን፣ አላውቅም። ልጄ «ጥናቱ አልቋል እኮ፣ አባዬ» ብትለኝም ሐሙስ ሐሙስ ጊቱራይ ሄጄ ከማማ ንጄሪ ጋር ዝንጅብል ሻይ እጠጣለሁ። እሁድም፣ መግባት ተፈቅዶልኝ እያለ፣ አስቀድሜ ከበሩ ውጭ ጥቂት ቆም እላለሁ። የትኛው እንዳስተኛኝ ስላላወቅኩ፣ አንዱንም መተው ፈራሁ።