በወንድሙ ስም የተጫወተው ተከላካይ

ገሱባ የባለቤቴን አክስት ለቅሶ ደርሼ ወደ ሶዶ ስመለስ ነው ሚኒባስ ውስጥ የተገናኘነው። ከጎኔ የተቀመጠው ረጅም ሰው ጉልበቱን የፊት ወንበር ላይ ተክሎ ሲገላበጥ ቆየና፣ «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቦታ እንቀያየር? እግሬን ወደ መተላለፊያው ካልዘረጋሁት ሶዶ ስንደርስ በሸክም ነው የሚያወርዱኝ» አለኝ።

መምህር መሆኔን በምን እንዳወቀ ብጠይቀው የኮቴን እጅጌ አሳየኝ። ጠመኔ ነበረበት። ለለቅሶም ለክፍልም ያለኝ ኮት ያው አንዱ ነው።

ተቀያየርን። እኔ መሃል ገባሁ፤ በመስኮቱ በኩል የሱ ሰው የሆነ ቀጠን ያለ ገበሬ ተቀምጧል። ገና ሳንደላደል ሹፌሩ በመስታወት አየውና ጮኸ፦ «ዮሲ! የዘንድሮውን ፈርመሃል አይደል? አንተ ከሌለህበት የተከላካይ መስመራችን ወንፊት ነው!»

«ወንፊትማ እሱ እያለም ነበር» አለ አንዱ ከፊት። «በገዛ ጎሉ በቴስታ ያገባትን ረሳችኋት?»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። ረጅሙም ሳቀ። በመስኮቱ በኩል ያለው ገበሬ ብቻ አልሳቀም።

«ዮሴፍ ነው ስምህ?» አልኩት ረጅሙን።

ገበሬው ፊቱን ከመስኮቱ ሳይመልስ፣ «ዮሴፍ እኔ ነኝ» አለ።

መቼም እኔ ወሬ ወዳድ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አፌን ዘግቼ ሶዶ መድረስ አይሆንልኝም። በወላይትኛ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅኩ። እነሱም መሃል አስቀምጠውኝ፣ አንዱ ሲደክመው ሌላው እየቀጠለ ነገሩኝ።

ወንድማማቾች ናቸው። ተጫዋቹ ታላቅየው ዱባለ ነው። ሰባተኛ ክፍል እያለ አባታቸው ሞተና ትምህርቱን ትቶ እርሻ ገባ። ኳስ የሚጫወተው በገበያ ማግስት፣ ሜዳው ባዶ ሲሆን ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው ከሶዶ ታዳጊ ተጫዋች የሚመርጡ ሰዎች መጡ። ዕድሜው ከአሥራ ሰባት በታች ይሁን፣ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬት ይኑረው አሉ። ሁለቱም ያለው ዮሴፍ ነበር። እናታቸው ወይዘሮ አዛለች ወረቀቱን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከተቀመጠበት አውጥታ ለዱባለ ሰጠችው። «የአንድ አባት ልጆች ናችሁ፤ የሚለያችሁ የፊተኛው ስም ብቻ ነው» አለች።

«ማንም አልጠየቀኝም» አለ ዱባለ። «አሰልጣኙ ሁለት ኮርና በቴስታ ሳወጣ አየና ‹ስሙን ጻፈው› አለ። ጸሐፊው ወረቀቱ ላይ ያለውን ጻፈ። በቃ፣ ዮሴፍ ሆንኩ።»

«መጀመሪያ አካባቢ ሲጠሩህ ትዞር ነበር?»

«የት ልዙር! አንድ ዳኛ ሦስት ጊዜ ቢጠራኝ ዝም አልኩት። የናቅኩት መሰለውና ቢጫ ሰጠኝ።»

አራት ዓመት በታዳጊ፣ ሁለት ዓመት ሆሳዕና፣ ሦስት ዓመት ድሬዳዋ፣ ከዚያ ተመልሶ ሶዶ። ሁልጊዜ የመሃል ተከላካይ። ተከላካይ ምኑን እንደሚያይ አስረዳኝ፦ «ኳስ የምናይ ይመስላችኋል። ኳስ ያታልላል፣ ዓይንም ያታልላል። እኔ የማየው ወገብ ነው። ወገቡ በዞረበት ይሄዳል። ዘጠና ደቂቃ የአንድ ሰው ወገብ ሳይ ውዬ እገባለሁ።» በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ፤ ስምንት ወር ተኝቶ ተነሳ። አሁን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። በክለቡ ፋይል ግን ሠላሳ አንድ ነው፣ የዮሴፍ ዕድሜ።

«ቤት ስገባ ዱባለ ነኝ» አለ። «ሚስቴ ምሕረት ዱባለን ነው ያገባችው። ስታዲየም ትመጣለች፤ ግን አትጮህም። በየትኛው ስም ትጩህ? ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ንስሐ ገብቻለሁ፣ ሽማግሌዎቹም ጸልየውልኛል። የክለቡ ጸሐፊ ግን በጸሎት የምታልፈው አይደለም።»

«አንተስ?» አልኩት ዮሴፍን።

«ሰርተፊኬቱ እዚያው ፋይል ውስጥ ቀረ» አለ። «ዘጠነኛ ልመዘገብ ስሄድ ዋናውን አምጣ አሉኝ። ሁለተኛ አይሰጥም አሉ። ሄጄ ከክለቡ ብጠይቅ እሱ ይጋለጣል። ተውኩት፣ ጎደሬ ተከልኩ።» ፈገግ አለ። «አንዴ ስታዲየም ሄጄ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ስሜን ሲጠራው ሰማሁ። ደስ አለኝ እኮ፣ መምህር። አጠገቤ ያለው ሰው ‹ታውቀዋለህ?› ቢለኝ ‹በዓይን› አልኩት።»

ዱባለ ጉልበቱን እያሻሸ ወደ መሬት አየ።

ታዲያ ዛሬ ምን አወጣቸው? ፋይዳ። ክለቡ ዘንድሮ የፋይዳ ቁጥር የሌለውን አልመዘግብም አለ። ምዝገባው የሚዘጋው በዚያው ዕለት፣ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ዱባለ የመጨረሻውን አንድ ዓመት ሊጫወት በቃል ተስማምቷል፤ ካልተመዘገበ ግን አበቃለት። ስለዚህ ጠዋት ከሶዶ ገሱባ ሄዶ ወንድሙን ይዞት እየመጣ ነው።

«ቀድሞ ነገር በዮሴፍ ስም አትመዘገብም ነበር?» አልኩት። ብልጠት መሆኑ ነው።

ሁለቱም ተያዩ። የፋይዳ መዝጋቢዎች ቡድን ገሱባ የመጣው በየገበያው ቀን ኖሯል። ዮሴፍ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ለማዳበሪያ ያስፈልጋል ሲባል ሄዶ ተመዝግቧል። ዱባለ በሁለተኛው ሳምንት እናቱን ሊጠይቅ መጥቶ ሰልፉ ውስጥ ገባ።

«ከኋላዬ ጎረቤቶቻችን ቆመዋል» አለ። «ያዋለደችኝ ሴትዮ ሳትቀር ቆማለች። መዝጋቢው ልጅ ስም ሲለኝ፣ እነሱ እየሰሙ ‹ዮሴፍ ነኝ› ልበል? ዱባለ አልኩ። በአሥራ አምስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ወረቀት ላይ ዱባለ አልኩ። ጣቴን ሳስነካ እንዴት ቀለል እንዳለኝ! ከዚያ ወጥቼ ለሰልፉ ሁሉ ሸንኮራ ገዛሁ። ሞኝ።»

ሶዶ ስንደርስ ሰዓቱ ዘጠኝ አልፏል። ወደ ሰፈሬ የሚሄደውን ባጃጅ ትቼ አብሬያቸው ወደ ምዝገባ ጣቢያው ሄድኩ። መሠረት የምትባል ሠራተኛ አገኘን፤ ሰው የምታዳምጥ ሴት ናት። ዱባለ የወንድሙን ቁጥር አሳይቶ፣ ፎቶው ብቻ በእሱ እንዲቀየር ለመናት። ጣትህን አስነካ አለችው። አስነካ። ስክሪኑ ላይ የእሱ ፊት ወጣ፣ ከሥሩ ዱባለ የሚል።

«ወንድሜ፣ ስም በፍርድ ቤት ይቀየራል» አለችው። «ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይቀየራል። የጣት አሻራ የሚቀየርበት ፎርም ግን የለኝም።»

ዮሴፍ ባርኔጣውን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ደገፍ አለ። «እህቴ፣ የእኔን ሰርዢው። ሰርዢውና ለእሱ ስጪው።»

«አንተስ?»

«እኔን እርሻዬ ያውቀኛል።»

«ዝም በል!» ዱባለ በወላይትኛ ጮኸበት። ሰልፉ ዞረ። «ሰርተፊኬትህን ወሰድኩ፣ ስምህን ወሰድኩ፣ አሁን ደግሞ አንተ እንዳትኖር ላድርግህ?»

«ቢሆንም አይሰረዝም» አለች መሠረት ቀስ ብላ። «ሁለታችሁም አላችሁ። ምን ላድርጋችሁ?»

ውጪ ግንቡ ላይ ተቀመጥን። ዱባለ ለክለቡ ጸሐፊ ደወለ፤ ስልኩ ድምፁን ስለሚያወጣ ሁላችንም ሰማን። «ዮሲ፣ ስማኝ። እኔ አውቅሃለሁ፣ አሰልጣኙ ያውቅሃል፣ ሕዝቡ ያውቅሃል። ኮምፒዩተሩ ነው ቁጥርና ፎቶ አገናኝ የሚለኝ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠብቄሃለሁ። ከዚያ በኋላ ከዲምቱ የመጣውን ልጅ በቦታህ አስገባለሁ፣ አትቀየመኝ።»

እኔም የተማርኩ ነኝ ባይ ነኝና ማመልከቻ እንጻፍ አልኩ። ከቦርሳዬ ወረቀት አወጣሁ። ለክለቡ ጽሕፈት ቤት ብዬ ጻፍኩ፣ ጉዳዩ ብዬ ጻፍኩ። «አመልካች» የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ዱባለ ብል ክለቡ ዱባለ የሚባል ተጫዋች የለውም። ዮሴፍ ብል ዮሴፍ አጠገቤ ተቀምጧል፣ ኳስ አንድ ቀን ረግጦ አያውቅም። ሁለቱ የእኔን እስክሪብቶ ያያሉ። ሠላሳ ዓመት ልጆችን ማመልከቻ አጻጻፍ ያስተማርኩ ሰውዬ አንድ ስም መጻፍ አቃተኝ። ወረቀቱን አጠፍኩና ኪሴ ከተትኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሰዓቱን ያየው ዮሴፍ ነበር። ወንድሙን በክርኑ ነካ አደረገው።

ባጃጅ ተራ ድረስ ሸኘኋቸው። ዮሴፍ ወደ ገሱባ የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጠው ተሰናብቶን ሮጠ። አንድ የባጃጅ ሹፌር እያለፈን፣ «ዮሲ! ዘንድሮ ማንም አያልፍህም!» አለ። ዱባለ እጁን አነሳለት። ከዚያ እጄን ይዞ ቶሎ አልለቅ አለኝ።

«ምሕረት ዛሬ ጠዋት ጫማዬን አጥባ አጥሩ ላይ ሰቅላዋለች» አለኝ። «ሰኞ ልምምድ ነው ብዬ ነግሬያት። አሁን ስገባ አውርጂው ልበላት ወይስ ይድረቅ ብዬ ልተወው? እስኪ እርስዎ ይንገሩኝ፣ መምህር።»