በፍሪጅ የከረመችው ኤሊ

ጀርመን አገር ጊንሃይም ሰፈር ውስጥ ይልማን የማያውቅ ያበሻ ቤት የለም፤ ሃይዙንጉ፣ የቤት ማሞቂያው፣ የቀዘቀዘበት ሁሉ እሱን ነው የሚጠራው። ሙያው የማሞቂያ ቧንቧ ጥገና ነው። ቂሙም እንደ ሥራው ነው፤ አይንጠባጠብም።

የተነካው በኤሊ ነው። ከእናቷ ጋር የምትኖረው ልጁ ዊንታ፣ ብርዱ ሲገባ ኤሊዋን "እስክትነቃ ጠብቅልኝ" ብላ ሰጠችው። እዚህ አገር ኤሊ ያለው ሰው ብርዱን ፍሪጅ ውስጥ አስተኝቶ ያሳልፋታል። ይልማም ካርቶን ውስጥ አፈር አድርጎ ከታችኛው መሳቢያ አስተኛት። አብሮት የሚኖረው ጉልላት፣ ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭነው፣ የነቢያትን ጾም ይዞ ነበር። ሽሮውን ሊያወጣ ሲል በድን አየ። እጁን በፌስታል ጠቅልሎ ቆሻሻ ውስጥ ከተታት፤ የቆሻሻ መኪናውም በጠዋት ወስዷት ሄደ።

"ጋሼ፣ ሞታ ነበር እኮ። ልቧ አይመታም።"

"ይመታል። የዓሣ ደም አንድ ዙር ነው የሚዞረው፤ ከልቡ ወደ ስንጥቡ፣ ከዚያ በገላው አድርጎ ተመልሶ ወደ ልቡ። አንተና ዶሮ ሁለት ዙር አላችሁ፤ አንዱ ለሳንባ፣ አንዱ ለገላ። ኤሊ ግን ስትተኛ ወደ ሳንባ የሚሄደውን ታጠብበዋለች፤ ልቧም አንዴ መትቶ፣ ቆይቶ ቆይቶ ነው የሚደግመው። አልሞተችም ነበር። የገደልካት አንተ ነህ።"

"ለእንሽላሊት ዘመድ ይህን ያህል?" አለና ሳቀ ጉልላት።

ሳቁ ነው የጎዳው። በማግስቱ ጉልላት ሥራ ሲሄድ ይልማ ክፍሉ ገባ፤ ከማሞቂያው ሥር ያለችውን ክዳን አንሥቶ ውኃው የሚመለስበትን ቧንቧ ብሎን በቁልፍ አጥብቆ ዘጋና ክዳኗን መለሳት። መመለሻ ያጣ ነገር አይዞርም፤ ደምም ይሁን ውኃ።

ጉልላት ጃኬት ደርቦ መተኛት ጀመረ። ጣቶቹ ነጡ።

"ጋሼ፣ እባክዎ ማሞቂያውን ይዩልኝ።"

ይልማ ብረቱን ኳ ኳ አደረገ። "እንዳንተ ያለ ፍጡር ሲበርደው ደሙን ከጣቱ ሰብስቦ ወደ ውስጥ ያሸሻል። አይዞህ፣ አትሞትም። ዊንታ ስትመጣ ያደረግከውን ራስህ ንገራት፤ ያኔ እሠራልሃለሁ።"

ዊንታ ቅዳሜ ዕለት መጣች። ጉልላት ወለሉን እያየ ነገራት። በጀርመንኛ "ተኝታ ነበር እኮ" አለች፤ ጃኬቷን ሳታወልቅ ወጣች። አባቷንም ዞር ብላ አላየችው።

ይልማ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። ጎንበስ ብሎ ብሎኑን ጥቂት፣ በጣም ጥቂት አላላው። ብረቱ ለብ አለ።

"ይኸው ነው እንዴ፣ ጋሼ?"

"ይኸው ነው። ኤሊ ከዚህ ባነሰም ትከርማለች።"