ላምባ የጠፋበት ክረምት

ሙሚና ሰው ማመን የተወችው ባሏ ከሞተ በኋላ ነው። ጉርድ ሾላ መንገድ ዳር ያለችውን ሱቅ ዘመዶቹ ሊነጥቋት ያልሞከሩት ነገር አልነበረም። ጨው፣ ስኳርና ላምባ ትሸጣለች። ከየካ ዳገት የሚወርዱትን ገበሬዎች በኦሮምኛ፣ የሰፈሩን ሰው ባማርኛ ታስተናግዳለች፤ ሁሉንም ግን እኩል ትጠረጥራለች።

በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ገብረ ክርስቶስ የሚባል የኮሌጅ ተማሪ መጥቶ፣ ላምባ ቢወደድ ደንበኞቿ ምን ያህል እንደሚቀንሱ ጠየቃት። የታኅሣሡ ግርግር ካለፈ ሁለት ዓመት አልሞላም፤ ጫማው የተወለወለ ጠያቂ ሁሉ ጆሮ ጠቢ ይመስላት ነበር። አላውቅም ብላ ሸኘችው። እሱ ግን ቤት ለቤት እየዞረ ያንኑ ሲጠይቅ ዋለ።

ሙሚና ለጎረቤቷ ለዲንቄ፣ "ሳያውቅ አይጠይቅም፤ ሊወደድ ነው" አለቻት። ዲንቄ ለሰፈሩ አዳረሰችው። በማግስቱ፣ አንድ ጠርሙስ ይበቃው የነበረው ሰው ሁሉ እንስራ ይዞ መጣ። በርሜሉ ከቀትር በፊት ደረቀ። ወሬው ላምበረት ሰፈርም ደርሶ ኖሮ፣ ሙሚና አከፋፋዩ ጋ ብትሄድ የዚያ ነጋዴዎች ጠራርገው ወስደውታል።

ዘግይተው የመጡት በጨለማ ቤት ተቀመጡ። ከነሱ አንዱ ነገሳ የሚባል ሽማግሌ፣ ሙሚና ከተማሪው ጋር ተመካክራ ላምባውን ጓዳዋ ደብቃለች ብሎ ባደባባይ ተናገረ። ዲንቄ ሰምታ ወደ ቤቷ ገባች።

ገብረ ክርስቶስ ሲመለስ ሙሚና በር ላይ አስቆመችው።

"ማነው የላከህ?"

"ማንም አልላከኝም፣ እትዬ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ነው።"

ከዚያ አስረዳት። አንድ ቤት ነገ ምን እንደሚገዛ ማወቅ አይቻልም፤ አንዱ እንግዳ መጥቶበት ይጨምራል፣ ሌላው ታሞ ይቀንሳል። ብዙ ሺህ ቤት ሲደመር ግን የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናልና፣ የከተማው ፍላጎት በሒሳብ ሊገመት ይችላል። ሙሚና ባዶውን በርሜል አሳየችውና ይኼስ ምን ሆነ አለችው።

ልጁ ጎንበስ ብሎ በርሜሉን አየ። "ሒሳቡ የሚሠራው ሰው በየራሱ ምክንያት ሲገዛ ነው። ሁሉም አንድ ነገር ከፈራ፣ ማንም የማንንም ጉድለት አይሸፍንም። ያስፈራሁት ደግሞ እኔ ነኝ።"

ሙሚና የራሷን ድርሻ አልነገረችውም። በማግስቱ ግን ነገሳንና ዲንቄን ጠርታ ጓዳዋን አስፈተሸች። አልጋዋን ሳይቀር አነሡት፤ ምንም አልተገኘም። ነገሳ ይቅርታ ጠየቃት። ዲንቄ ስትወጣ፣ "ብልህ ናት፤ ሌላ ቦታ አሽሽታዋለች" ስትል ተሰማች።

ላምባው ሲመጣ ዋጋው አልጨመረም። ያከማቹት ገና አልጨረሱምና ገዢ ጠፋ፤ ሙሚናም ላምባ መሸጡን በዚያው ተወች። ገብረ ክርስቶስ ተመርቆ እዚያው አካባቢ ቤት ተከራየ። ስኳር የሚገዛው ከእሷ ነበር፤ ለማን እንደሆነ ሳትጠይቀው ግን አንድም ቀን አልሸጠችለትም።