ከሐጂው ቀብር በኋላ

ወንድሜ ከቀብሩ ሶላት በፊት ደውሎ ሐጂው መሞታቸውን ሲነግረኝ ባሌን ወደ ሥራ እያደረስኩ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ነበርኩ። "ኢና ሊላሂ" አልኩና ወዲያው ስለ ገንዘባችን አሰብኩ። ለሰውዬው አላዘንኩም ማለቴ አይደለም፤ ፍርሃቱ ቀደመኝ እንጂ። ሐጂው ካይሮ ያለው ዳቦ ቤታችን ሸሪክ ነበሩ።

ወንድሜ ከካርቱም ጦርነት ሸሽቶ ካይሮ ሲገባ "እዚህ አገር ሕዝቡ በየቀኑ ይጨምራል፤ ሰው ደግሞ ዳቦ መብላት አያቆምም፤ ኢንቨስት አድርጉ" አለን። እዚህ ቶርንተን ከተማ ቤት ልንገዛበት ባጠራቀምነው ዶላር ምድጃና ሊጥ ማቡኪያ ገዛን። ለውጭ ሰው ጣጣው ብዙ ነው ስለተባለ ፈቃዱ በአገሬው ሰው በሐጂው ስም ወጣ። ባሌ ውል ይጻፍ ቢል ወንድሜ ተቆጣ። "አባቴን የሚያህሉ ሰውዬ ፈርሙልኝ ልበላቸው?" በውሉ ፈንታ የፋቲሃን ጸሎት በስልክ ቀርተን ተስማማን፤ በቃ። ሐጂውም ቃላቸውን አላጓደሉም። ወንድሜ እዚያው ከዱቄቱ ማዳበሪያ ጀርባ ፍራሽ ዘርግቶ ይተኛል፤ ሌላ ማደሪያ የለውም።

"ሬሳው ላይ ከሚሰገደው ከጀናዛው ሶላት በፊት ሟች ላይ መብት ያለው ይናገር ይላሉ" አልኩት። "ያኔ ተነስተህ ምድጃው የኛ ነው በል። እኔም እንድሰማ ስልኩን ሳትዘጋ ኪስህ ክተተው።"

"እሺ እትዬ" አለ። እሺታው ራሱ አስፈራኝ፤ ወንድሜ እምቢ ማለት አልፈጠረበትም።

መኪናዋን አንድ ሱቅ ፊት አቆምኩ። ሳውዲ ስሠራ የለመድኩት አረብኛ ለዚህ ቀን ኖሯል። መጀመሪያ ኪሱ ውስጥ ጨርቅ ሲንኮሻኮሽ፣ ሰው ሲያለቅስ ሰማሁ። ከዚያ የሐጂው ትልቁ ልጅ "አባቴ ላይ መብት ያለው ሰው ካለ አሁን ይናገር" አለ። ተናገር፣ ተናገር እላለሁ፣ እዚያ እንዳይሰሙኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ባሌ በጎን "ምን አለ? ምን አለ?" ይለኛል። ወንድሜ ምንም አላለም። ሶላቱ ተጀመረ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ዳቦም አይገባም! ተናድጄ መሪውን መታሁት። ግን እውነቱን ልናገር፤ እኔም ብሆን ሬሳ ፊት ቆሜ ምድጃ ምድጃ ማለት አልችልም። ይሉኝታ አብሮን ያደገ በሽታ ነው።

ባሌ ከሥራው ቀርቶ አብሮኝ ጠበቀ። ከቀብር መልስ ወንድሜ ደወለ።

"ልጃቸው የዳቦ ቤቱን ቁልፍ ጠየቀኝ" አለ።

"አልሰጠኸውም አይደል?"

"‘ሐዘኑ እስኪያልቅ እኔ ጋ ይሁን’ አለኝ። ሲያለቅስ ውሎ ዓይኑ አብጧል። ምን ብዬ ልከልክለው?"

ባሌ ስልኩን ነጠቀኝና "እዚያ ሎየር እንያዝልህ" አለው።

"ምን ይዘን ነው የምንከሰው?" አልኩት እኔ። ባሌ ስልኩን ስፒከር አድርጎ መሃላችን አስቀመጠው።

"ጋሼ፣ ልጁ እኮ ጨዋ ነው" አለ ወንድሜ። "ሻይ ጋብዞኛል። አትስጉ።"

"አሁን የት ነህ?" አልኩት።

ከኋላው መኪና ሲያልፍ ይሰማል።

"ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብያለሁ" አለ። "ፍራሼ ውስጥ ቀርቷል።"