በአክፍሎት የቀረው ኪኒን

ባሌን ደሴን የማያውቅ የታች ጋይንት ሰው የለም፤ ጉልበቱንም መውደቁንም። እርፍ ሲጨብጥ የሁለት ሰው ያርሳል፤ ያ የሚጥለው በሽታ ሲነሳበት ግን እንደ በሬ አጓርቶ ይዘረራል፣ አረፋ ይደፍቃል። ስንቱ ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር አጨሰበት! አንድ ጊዜማ ሰይጣኑ ይውጣ ብለው ጀርባውን በአለንጋ ሲገርፉት ደርሼ፣ የአንዱን ክንድ በዘነዘና ሰብሬያለሁ። ደግ አደረግሁ!

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ንፋስ መውጫ ወስጄው አንድ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ነጭ ኪኒን ሰጠን። "ማታ ማታ አንድ ዋጥ። ካቋረጥህ ከበፊቱ ብሶ ይጥልሃል" አለው። እውነትም ዓመት ሙሉ አልወደቀም። እኔም እንደ ሰው እንቅልፍ ተኛሁ።

የሕማማት ሐሙስ ማታ ኪኒኑን ስሰጠው እጄን ገፋው።

"አክፍያለሁ። እስከ ትንሣኤ እህል ውኃ በአፌ አይገባም።"

"ኪኒን እህል ነው?"

"በምን ልዋጠው ታዲያ? በምራቄ?"

የነፍስ አባታችንን አባ ወልደማርያምን ይዤ መጣሁ። "ልጄ፣ ለታመመ ተፈቅዷል፤ ዋጥ" ቢሉት፣ "አባ፣ አሁን የታመመው ማነው? ላዳነኝ አምላክ ሦስት ቀን መጾም ያቅተኛል?" ብሎ መለሳቸው። ዓርብ ማታ ትዕግሥቴ አለቀ። ጉልበቴን ደረቱ ላይ ጭኜ በግድ ላጎርሰው ስል በጥፊ አላጋኝ፤ ሁለት ጥርሴ ረገፈ። እኔም ነከስኩት። ስንላቀቅ ኪኒኑ መሬት ላይ ተረግጦ ዱቄት ሆኗል። ቅዳሜም አፉን አልከፈተልኝም።

የትንሣኤ ለት ጎህ ሲቀድ በጉ ቀረበ። የደሴ ታናሽ ወንድም ዋለ በጉን ጠልፎ ጣለውና፣ "ወንድምዓለም፣ ዘንድሮ እኔ ልረድ፤ ደክመሃል" አለው።

"በቁሜ ቀበራችሁኝ እንዴ? አባወራው እኔ ነኝ! አንተ እግሩን ያዝ!"

"ኧረ ቢላዋውን ቀሙት!" ብዬ ጮህኩ።

"ፋሲካ እንኳ አታርፊም፣ ሐረገ ወይን?" ብለው የተሰበሰቡት ወንዶች ሳቁብኝ።

ደሴ "በስመ አብ" ብሎ ቢላዋውን አነሳ። ወልድን ሳይጠራ አጓራ፤ ድርቅ ብሎ ወደ ፊት ተደፋ። ቢላዋው ዋለ አንገት ውስጥ ገባ። ደሙ ፊቴ ላይ ተረጨ። ቢላዋውን ከደሴ ጣቶች ማላቀቅ ሦስት ወንድ አቃተው። ዋለ ፀሐይ ሳትወጣ ሞተ፤ በጉ ተነሥቶ ሮጠ።

"ወንድሙን አረደ!" ብለው መንደርተኞቹ ሊወግሩት ሲነሱ በላዩ ተኛሁ፤ ድንጋዩን በጀርባዬ ተቀበልኩ። ዛሬም ቀና ብዬ አልሄድም።

ሽማግሌዎች ለዕርቅ ተቀመጡ። የዋለን ሚስት ማሬን፣ "ለደሙ ምን ይሰጥሽ?" አሏት። ከብት አልፈለገችም፣ መሬትም አልፈለገች።

"ኪኒኑን እኔ ልያዘው" አለች።

ይኸው ሦስት ዓመት ማታ ማታ ማቋን ለብሳ ትመጣለች። ደሴ ይንበረከካል፤ ታጎርሰዋለች። "ምላስህን አንሣ" ብላ ታያለች፤ ከዚያ ፊቱ ላይ ትተፋና ትሄዳለች። እኔም ፊቱን በነጠላዬ እጠርግለታለሁ።

አምና ክረምት አንድ ማታ ታማ ቀረች። ደሴ በዶፍ ዝናብ ሄዶ፣ ደጇ ላይ ተንበርክኮ አፉን ከፈተ።