ድገመው እና የቲነሩ ጠርሙስ

ባለቤቴ የምትሠራው መድኃኒት ቤት ነው። እሷ ዘንድ ክኒን ተቀብሎ ውልቅ ማለት የለም። «በል፣ አሁን ያልኩህን ድገመው» ትላለች። ጎረምሳው ይደግማል፣ ሽማግሌው ይደግማል፤ የተሳሳተ እንደገና ይጀምራል። ሰልፈኛው ያጉረመርማል። የሰፈሩ ሰው ስሟን ትቶ «ድገመው» ይላታል፤ እሷም «አቤት» ትላለች፣ ምን ታድርግ!

እኔ አናጢ ነኝ። የቀለም ማቅጠኛውን ቲነር በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ መያዝ የሙያችን ልማድ ነው፤ ሥራ ያስተማረኝም ሰውዬ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው። ባለቤቴ «ኧረ ይኼን ጠርሙስ ለውጥ!» ስትለኝ ሦስት ዓመት ሙሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። «ማን ይነካዋል?» እላታለሁ።

ማን እንደነካው ልንገራችሁ፤ አማቴ፣ የባለቤቴ እናት! እኔና እሳቸው ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ዓይንና ናጫ ነን። ልጃቸውን ለመሐንዲስ ነበር ያሰቧት። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የሠራሁላቸውን ወንበር ሊያዩ ወደ ሥራ ቦታዬ መጡ። ፀሐዩ አቃጥሏቸው ኖሮ ጠርሙሱን ብድግ አድርገው ተጎነጩለት። ወዲያው ትን አላቸው፤ ሳሉ፣ ሳሉ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ። ቆሌዬ ተገፈፈ። ጎረቤት ግር ብሎ ገባ። አንዱ «ወተት አምጡ!» ይላል፣ አንዷ «ጣት ከቶ ማስመለስ ነው!» ትላለች። እኔ ጅሉ ጣቴን ልሰድ ስል ባለቤቴ ጩኸቱን ሰምታ ከመንገዱ ማዶ ካለው መድኃኒት ቤት እየሮጠች ደረሰች።

«ማንም እንዳያስመልሳት! ቲነር ሲመለስ ነው ሳንባ ውስጥ የሚገባው! ወተትም አትስጧት!»

ወንዱን ሁሉ አስወጥታ በቲነር የራሰውን ቀሚስ አወለቀችላቸው፤ ገላቸውን በሳሙና አጥባ፣ ሌላ ልብስ አልብሳ፣ ቀና አድርጋ እንደያዘቻቸው ታክሲ ውስጥ ገባን። መንገዱን ሙሉ «እማዬ፣ አይዞሽ» ትላለች።

ሆስፒታል ኦክስጅን ተሰጣቸው፣ ራጅ ተነሱ፣ ለብዙ ሰዓት በሐኪም ክትትል ሥር ዋሉ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ «አምላኬ፣ ብቻ ይትረፉልኝ! ዕድሜ ልኬን ቢሰድቡኝም ትንፍሽ አልልም» እላለሁ። አመሻሹ ላይ ዶክተሩ «ሳንባቸው ደህና ነው» ሲለን ዘበኛውን ሳይቀር አቀፍኩት። እሱም ደንግጦ «እንኳን ደስ አለህ፣ ወንድ ነው ሴት?» አለኝ።

ከዚያ ዶክተሩ ቆጣ ብሎ «ለመሆኑ ቲነር በመጠጥ ጠርሙስ ያስቀመጠው ማነው?» አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ! አፌን ልከፍት ስል አማቴ በሻከረ ድምፃቸው ቀደሙኝ።

«እኔ ነኝ። ይኼን ልጄን እንዳትቆጣብኝ።»

በዘጠኝ የትዳር ዓመት ውስጥ «አንተ ሰውዬ» እንጂ ሌላ ስም አውጥተውልኝ አያውቁም።

«ኧረ ዶክተር፣ እኔ ነኝ፣ እኔ!» ብዬ አልጋቸው ሥር ተንበረከክሁና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ባለቤቴ እየሳቀች አፍንጫዬን ጠረገችልኝ።